ከድር ላስታ ላይ የታመመበት ሰሞን

ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ላሊበላን አየሻት? እንዴት ናት?» ይሉኛል። እኔ ስለ ከድርና ስለ ክብሪቱ መናገር እጀምራለሁ። «ኧረ እሱን ተይውና ቤተ ክርስቲያኑን ንገሪን!» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑንስ አይቼዋለሁ፤ ተሳልሜም መጥቻለሁ። ግን ስለ እሱ የሚነግራችሁ ሞልቷል፤ ገና በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑም ያሳያችኋል። እኔ የምጽፈው ማንም የማይነግራችሁን ነው፤ ያውም ኮምቦልቻ ቁጭ ብላችሁ «ያንን ዳገት ማን ይወጣዋል!» ለምትሉት።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን የድራማ ክበብ የምመራውም እኔ ነኝ። አስካለ የምትባል የድሮ ተማሪዬ ነርስ ሆና ላስታ ደጋ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ የምነግራችሁ ልጅ ላይ ሰው እንዳይጠቋቆም ብዬ ነው። አስካለ ደወለችልኝና እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ የሺ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አለች። የሚጥል በሽታ አለባት። ክፍል ውስጥ ስትወድቅ ልጆቹ በመስኮት ሳይቀር ዘለው ሸሹ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች ‹እሷ ከተመለሰች ልጆቻችንን እናስቀራለን› ስላሉ ቤት ውላለች። መድኃኒት ጀምራ ተሽሏት ነበር፤ ጠበል ስትገባ ደግሞ አስጣሏት። የክልል ፈተና ምዝገባ የመጪው ሳምንት ሰኞ ይዘጋል። ርእሰ መምህሩ ‹ወላጆች እሺ ካሉ እመዘግባታለሁ፣ ካላሉ ግን ትምህርት ቤቱ ባዶ ይቀርብኛል› ይላል። እኔ ሳስተምራቸው ደግሞ እንቅልፋቸው ይመጣል። ድራማ ይዘው ይድረሱልኝ።»

ድራማ ሲባል ከድርን ማለት ነው። ከድር ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የክበቤ ልጅ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ መድረክ ላይ እንደ እሱ መውደቅ የሚያውቅበት ሰው የለም። ሄጄ ነገርኩት።

«የት ነው የምወድቀው?»

«ላስታ።»

«ብርድ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያማ ወድቄ ብዙ አልቆይም» አለና ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ተከተለኝ።

ረቡዕ

ገና ሳይነጋ ተነሣን። ደሴን በጭጋግ ውስጥ አለፍናት፤ ሐይቅ ላይ ፀሐይ ወጣችልን። መርሳ ስንደርስ ከድር በመስኮት ብርቱካን ገዛና ለተሳፋሪው ሁሉ አደለ። የማያውቀውን ሰው ካላበላ መንገድ የሄደ አይመስለውም። ወልድያ ወርደን ምሳ በላን። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ቤቱ ከሽሮና ከምስር ሌላ አልነበረውም፤ «ሥጋው የክርስቲያን ነው የእስላም?» የሚለው ጣጣ ሳይመጣ በአንድ ትሪ ተቀመጥን። ከድር «እትዬ፣ ይሄ ጾማችሁ እስክንመለስ ባይፈታ ጥሩ ነው» አለኝ።

ከወልድያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ጉድ ነው። እኔ የኮምቦልቻ ሜዳ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ከፍታ ሲባል ደሴ ይበቃኝ ነበር። ሚኒባሱ የድልብን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ገደሉን ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ድንግል ማርያምን ስጠራ፣ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት «አይዞሽ ልጄ፣ እሷ ይህንን መንገድ ለምዳዋለች» አሉኝ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ «ችግር የለም፣ ትርፍ አለኝ» ብሎ በኩራት ወረደ፤ ትርፍ የተባለውም ትንፋሽ የሌለው ሆኖ ተገኘ። ወንዶቹ የጭነት መኪና አስቁመው እስኪያስነፉ ድረስ እኔ ድንጋይ እያመጣሁ ከሚኒባሱ ጎማ ሥር ስደረድር ቆየሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ፍርሃቴ ነው ያዘዘኝ። ሾፌሩ «እናቴ፣ መኪናውን ልትቀብሩት ነው ወይስ ልታቆሙት?» እያለ ሳቀብኝ።

ጋሸና ስንደርስ ቀኑ አዘቅዝቋል። ወይ ብርድ! እኛ አገር ብርድ የሚባለው ሹራብ የሚያስለብሰውን ነው፤ የጋሸናው ግን ጥርስ ያማታል። ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ ብርጭቆው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ አውርዳ ደረበችልኝና «ስትመለሺ ታደርሺልኛለሽ» አለች። ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀችም። እኛ ሰፈር ጃንጥላ ለመዋስ ስንት ደጅ እንደምንኳኳ ታውቁታላችሁ። በነገራችን ላይ ጋቢውን ስመለስ አድርሼላታለሁ፤ ሐሳብ አይግባችሁ።

ላሊበላ ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት እንግዳ ናፍቆት ኖሮ በደስታ ሊበላን ደረሰ። «ለእርስዎ የፈረንጅ ክፍል ነው የምሰጠው!» ብሎ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰገነት ያለው ክፍል ከፈተልኝ። «ወንድሜ፣ ለዛሬ ገደል በቅቶኛል፤ ምንም የማይታይበት ክፍል የለህም?» ስለው ልቡ ተሰበረ። እንዳይከፋው ብዬ ገባሁና መጋረጃውን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ተኛሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ስወጣ አስካለ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አንድ አስጎብኚ ከኋላችን እየተከተለ ታሪኩን ካልነገርኩሽ ሲለኝ፣ ከድር «እሷን ተዋት፣ ስትመለስ ለአንተ ትነግርሃለች» አለው። ሳቁና ተለያዩ።

በነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል እስከሚቻለው በባጃጅ ሄድን። ከዚያ በላይ ለእኔ በቅሎ ተዘጋጅታ ነበር። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። በሦስተኛው ባለቤትየው «እትዬ፣ በቅሎዋም እኮ ነፍስ አላት፣ አይፍሯት» ሲሉኝ አፍሬ ተቀመጥኩ። እኚህ ሰው የልጅቷ አባት አያ ምስጋናው ነበሩ፤ ማረፊያችንም የእሳቸው ቤት ነው። በመንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ እየቆመ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ደህንነት ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም ቆመው ይመልሳሉ። እኛ አገር «ሰላም ነው?» ብለን መልሱን ሳንሰማ ነው የምናልፈው። ከድር «በዚህ አያያዝ ፀጉር ቤት ብከፍት በቀን ሁለት ሰው ነው የምቆርጠው» አለ።

ደጋው ላይ ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። የአያ ምስጋናው ቤት ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ባለቤታቸው እናኑ ደጃፍ ላይ ቆመው «ቤት ለእንግዳ!» እያሉ ተቀበሉን። ገና ከመቀመጤ ውሃ አሙቀው እግሬን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። ተግደረደርኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ውሃውን የምታፈሰው የሺ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ክንዷ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ፤ ምድጃ ላይ ወድቃ ነው። እኔ ስለ ጠባሳው ልጠይቃት ስል እሷ ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ኮምቦልቻ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ምዕራፍ ስንት ደርሰዋል?»

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ በምን አውቄ። አላውቅም ስላት ቅር አላት። ለካስ ቤት ቁጭ ብላ ለብቻዋ እያነበበች ነው፤ ሌሎቹ ምን ያህል እንደቀደሟት ማወቅ ነው የፈለገችው። አንጀቴን በላችው። አያ ምስጋናው «እኔ መች ጠላሁ፤ ሰዉ ነው እንጂ» ብለው እሳቱን መቆስቆስ ጀመሩ።

ዓርብ

ርእሰ መምህሩ ተማሪውን ሜዳው ላይ አስቀመጠ፤ ወላጆችም ከውቂያው ተጠርተው መጡ። ድራማው ቀላል ነበር። ከድር ተማሪ ሆኖ ይወድቃል፤ እኔ ደንባራ አስተማሪ ሆኜ ክብሪት ጭሬ አፍንጫው ሥር እይዛለሁ፤ ያኔ አስካለ ደርሳ «ኧረ ተይ!» ትልና ትክክለኛውን ታሳያለች። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት እኛም ጋ አለ፤ ጭሱ ግን የወደቀውን ሰው ከማፈን በቀር ምንም አይረባም። ይህንኑ ልናስተምር ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ዳገት የወጣነው።

ከድር ወደቀ። ምን ብዬ ልንገራችሁ! እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ዓይኑ ነጭ ሆነ፤ እጅ እግሩ ተንፈራገጠ፤ በሳሙና ያዘጋጀው አረፋ በአፉ ወጣ። ፊት ለፊት የነበሩት ተማሪዎች ብድግ ብለው ሸሹ፤ ለሀጩ ከነካን በሽታው ይጋባብናል ብለው ነው። ከኋላ ደግሞ ትልልቆቹ ሰዎች ሮጠው መጡ። የደጋ ገበሬ ክብሪት ከኪሱ አይለይም። አንዱ ጫረ፣ ሌላውም ጫረ፤ እኔ የእኔን ሳላወጣ ከድር በክብሪት ተከበበ። የደብሩ ቄስ ሞገስም በሰው መሀል ተጋፍተው ደረሱና ግንባሩን በመስቀል እየዳበሱ ጸሎት መድገም ጀመሩ። አስካለ «ድራማ ነው! ድራማ ነው እኮ!» ትላለች፤ ማን ይሰማታል?

ከድር ቻለ፣ ቻለ። አንዱ የቀረውን ክብሪት በአንዴ ሲያነደው ግን የድኙ ጭስ ጉሮሮውን ዘጋው። እያሳለ፣ እንባውን እያፈሰሰ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«እልልልል!»

«ዳነ! ክብሪቱ አዳነው!»

«ወገኖቼ፣ ይህ ተውኔት ነው፤ ልጁ ጤነኛ ነው» እያልኩ ጮህኩ። እማማ የዝና የሚባሉ አሮጊት ከድርን እቅፍ አድርገው «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አትፈር። በሽታ ነውር አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡኝ። «አንቺስ ምነው? ምን ቁርጥ አርጎሽ ነው የልጅሽን በሽታ የምትደብቂበት?»

አስካለ መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን ያዘች። «አለቀልኝ እትዬ። ክብሪት እንዳይጭሩ ልናስተምር መጥተን ክብሪትን አስመረቅነው» አለች። ከድር ግን ትንሽ ትንፋሹ ሲመለስለት «ቄሱ እንዴት አድርገው አማተቡብኝ! እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤ ወሎዬ አይደለሁ?» እያለ ይስቃል። የሺ ከድንጋዩ ካብ ኋላ ቆማ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አየኋት። አባቷ ግን አልሳቁም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብለው «ለእሱ እልል አሉለት። የእኔ ልጅ ስትወድቅ ማን እልል አለላት?» አሉኝ። 

ቅዳሜ

ከድር ሲነጋ ባለ ዝና ሆኖ ተነሣ። አንዷ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ አመጣችለት፤ ሌላው ማር በቅል ላከለት። አንድ ሽማግሌ «ገደል አጠገብ እንዳትሄድ» ብለው ምርኩዛቸውን ሰጡት። ከላሊበላ ገበያ የሚመለሱት ሳይቀሩ «የኮምቦልቻው በሽተኛ እንዴት አደረ?» እያሉ ጎራ ይላሉ። «እትዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ሆኜ ማር የሰጠኝ ሰው የለም» አለኝ። እውነቱን እንናገር ስለው «ማን ያምናል? ደግሞ ማሩ ጥሩ ነው» አለ።

እኔና አስካለ ቄስ ሞገስ ቤት ሄድን። ስለ የሺ መድኃኒት ስንነግራቸው ደነገጡ። «እኔ ጠበሉን ጠጡ አልኩ እንጂ ክኒኑን ጣሉ አልኩ? ማነው በስሜ እንዲህ ያለው?» ብለው ተቆጡ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲቀመጥ ሕዝቡን ሊያነጋግሩልን ተስማሙ። ጉልበታቸውን ስመን ወጣን።

ከሰዓት በኋላ አያ በሪሁን ቤታቸው ጠሩን። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ልጃቸው ማስረሻ ከየሺ ጋር በአንድ ዴስክ ትቀመጥ ነበር። የሺ እንዳትመለስ አጥብቀው የያዙትም እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው ይሆናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ መስተንግዶ ግን በሄድንበት አላየሁም። የገብስ ቂጣ በተልባ፣ የባቄላ ንፍሮ ቀረበ። ከድር ጠላ እንደማይጠጣ አስበው ብርዝ ሳይቀር አስበጥብጠውለታል። እኛ ዋንጫውን እየተቀባበልን ጠጣን። የከድር ብርዝ ግን በጣሳ ለብቻው መጣ። ጠጥቶ ሲያስቀምጠው ማስረሻ ጣሳውን በጨርቅ ይዛ ወደ ውጭ ወሰደችው።

  እነ አያ ምስጋናው ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ከድር «ጣሳዋን አጥር ሥር ተጥላ አየኋት» አለ። «ጤነኛ ነኝ እኮ! ጤነኛ መሆኔን እያወቅኩ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያመኝ?»

የሺ ከጥግ ቀና አለች። «ሰማያዊ ናት? ጠርዟ የተላጠ?»

«አዎ።»

«የእኔ ናት፤ እዚያ ቤት ስሄድ በእሷ ነበር የሚሰጡኝ» አለች።

 እናኑ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰበሰቡ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

እሑድ

ቅዳሴው እንዳለቀ ሕዝቡ ከቅጽሩ ውጭ ጥድ ሥር ተቀመጠ። ለሰንበቴው ዳቦና ጠላ ወጥቶ ነበር፤ እኛም አገር ያለ ነው፤ የእነሱ ዳቦ ግን ጥርስ ይፈትናል። ቄስ ሞገስ ባርከው ቆረሱና «እንግዶቻችን የሚሉት አለ፤ አድምጡ» ብለው ተቀመጡ።

ከድር መሀል ገባ። ሰው ፊት መቆም ብርቁ ያልሆነው ልጅ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«እኔ አልታመምኩም» አለ።

«ኧረ ተው!» እያሉ ሳቁ።

«ወላሂ አልታመምኩም። እንጀራዬ ፀጉር መቁረጥ ነው፤ ተውኔትም እሠራለሁ። ዓርብ ዕለት የወደቅኩት እንዲህ ነው» ብሎ ጧ ብሎ ወደቀ። ተነሣና ደግሞ ወደቀ። አሁን ሳቁ ጠፍቶ ማጉረምረም መጣ።

«በበሽታ ይቀለዳል እንዴ?» አለ አንድ ሰው።

«አልቀለድኩም» አለ ከድር። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ማር ሰጣችሁኝ፤ ምርኩዝ ሰጣችሁኝ፤ እናቴም እንዲህ አልተንከባከበችኝ። ግን ያከበረኝ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ በአንድ ዋንጫ ሲጠጣ እኔ በጣሳ ለብቻዬ ጠጣሁ። ያቺ ጣሳ የየሺ ጣሳ ናት። እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው የጠጣሁባት። እኔስ ነገ ወደ አገሬ እገባለሁ። የሺ ወዴት ትግባ?»

 አያ በሪሁን ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ጣሳውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለልጄ ፈርቼ ነው። ፍርሃት እንጂ ክፋት አይደለም።»

«ክፋት እንዳልሆነማ አውቃለሁ፤ የንስሐ አባትህ አይደለሁ?» አሏቸው ቄስ ሞገስ። «ግን የአንተን ፍርሃት ያቺ ልጅ ለምን ትሸከመው?» ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስሙ! ጠበል ጠጡ ብያለሁ፤ ክኒኑን ጣሉ ብዬ አላውቅም። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። በእኔ ስም መድኃኒት የሚያስጥል ካለ እኔን ያስቀይመኛል» አሉ።

አስካለ ቀጠለች። በሽታው በለሀጭ፣ በጣሳ፣ በትንፋሽ እንደማይጋባ ስትናገር «ስንቱን የወደቀ አንሥቻለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ» አለች። ከድር እንደገና ወደቀላት። ጭስ አያስፈልግም፤ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፤ እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ ይራቅ፤ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ይደረግ፤ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ይገልበጥ፤ እስኪነቃም ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ፤ መንፈራገጡ ካልቆመ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። «ማን ይሞክራል?» ስትል ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ እማማ የዝና ተነሡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሱ ሥር አደረጉለት፤ ቀጥለውም ከድርን የገብስ ስልቻ እንደሚገለብጡ ገልብጠው በጎኑ አስተኙት። ከድር «ቀስ ይበሉ እማማ፣ አሁን እውነት ታመምኩ!» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «ዝም በል አንተ ውሸታም፣ የወደቀ ሰው አይናገርም!» አሉት እሳቸው። ከዚያ በኋላ ለመሞከር ተሰለፉ። የመጨረሻው አያ ምስጋናው ነበሩ፤ ከድርን በጎኑ ሲያስተኙት ማንም አልሳቀም።

ርእሰ መምህሩ «እንግዲህ ወላጆች ምን ትላላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ዓይን ሁሉ አያ በሪሁን ላይ አረፈ።

«ትመዝገብ» አሉ። ቆይተው ግን «ልጄን ከጎኗ አታስቀምጡብኝ። ልቤ ገና አልቆረጠም» ብለው ጨመሩ።

አንድ ሰው ደግሞ እያጉረመረመ ተነሥቶ ሄደ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። ግን ትመዝገብ ተብሏል፤ ለእኔ ድርቅ ያለው የሰንበቴ ዳቦ እንኳ ከዚያ በኋላ ጣመኝ።

ሰኞ

የሺ ከሁላችን በፊት ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ነበር። የአስካለ መድኃኒት እንደገና ተጀምሯል፤ አባቷ ራሳቸው ውሃ ይዘው ሲያስውጧት አይቻለሁ። ርእሰ መምህሩ መዘገባትና ክፍሏ ድረስ ወሰዳት። እኛ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ መጀመር ነበረብን፤ በቅሎዋም ተጭና ነበር። እኔ ግን ስትቀመጥ ሳላይ አልሄድም አልኩ። አስካለና ከድርም ከእኔ ጋር መስኮቱ ሥር ቀሩ። አያ ምስጋናው ግን ወደ መስኮቱ መጠጋት ፈርተው የግቢው በር ላይ በቅሎዋን ይዘው ቆሙ።

ክፍሉ ውስጥ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣብበው ተቀምጠዋል። ከኋላ አንድ ዴስክ ባዶውን ተትቷል፤ ለየሺ ተብሎ ነው። ስትገባ ሁሉም ቀና ብሎ አያት። የድሮ ቦታዋን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ማስረሻ ያለችበትን፣ አየት አደረገችና ሄዳ ከኋላ ለብቻዋ ተቀመጠች።  መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሒሳብ መጻፍ ጀመረ። «ይኸው ነው በቃ?» አልኩ ለራሴ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተን ለብቻዋ ልናስቀምጣት ኖሯል!

ማስረሻ ዞር ብላ አየቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አየቻት። ከዚያ ደብተሯን ሰብስባ ብድግ አለችና ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ኋላ ሄደች።

«ጠጋ በይ» አለቻት የሺን። «በመስኮቱ በኩል የእኔ ነው።»

«ማን ሰጠሽ?»

«ድሮም የእኔ ነበር!»

«እኔ ነኝ ቀድሜ የተቀመጥኩት! አንቺ ጠጋ በይ!»

በክርን ተገፋፉ። ደብተር መሬት ላይ ወደቀ። መምህሩ ዞረ።

«ማነው የሚረብሸው?»

«እሷ ናት!»

«እሷ ናት!»

«ሁለታችሁም ቁሙ!»

ሁለቱም ግድግዳውን ይዘው ጎን ለጎን ቆሙ። አስካለ እንባና ሳቅ ተደባልቆባት እኔን ጨመቀችኝ። ያ ሁሉ ጫጫታ እስከ ግቢው በር ተሰምቶ ኖሮ አያ ምስጋናው በቅሎዋን ለቀው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ እየሮጡ መጡ።

«ምን ሆነች? ወደቀች?»

«አይ አያ፣ አልወደቀችም» አለ ከድር። «ክፍል ረብሻ ተቀጣች።»

አያ ምስጋናው ባሉበት ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ተመስገን!» አሉ። «ተመስገን አምላኬ፣ ልጄ ተቀጣች!»